ዕቁብ ሲደርሰኝ ለምን አይበረክትልኝም?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂዋ 34 ዓመቷ ነው። ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ያደገችው አጋሮ ነው፣ አባቷ ቡና ሰብሳቢ ነበሩ። «ሥራዬ ጥሩ ነው፣ ብር ግን እጄ ላይ አይበረክትም» ትላለች። ባለፈው ዓመት የ120 ሺህ ብር ዕቁብ ደርሷት በሦስተኛው ሳምንት የቀራት 9 ሺህ ነበር። ለዘመድ አበደረች፣ ለሰርግ ሰጠች፣ የማያስፈልጋት ሶፋ ገዛች። ሒሳቧ ከ40 ሺህ ሲያልፍ «ደረቴ ይጨናነቃል፣ አንድ ነገር ሊመጣብኝ ነው እላለሁ፣ ሲያልቅ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብላ ጽፋለች። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚሏት «ዱንያ ሲገባ ሰላም ይወጣል» ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ጠየቀችኝ፦ «ሰው የገንዘብ ጠባዩ በ7 ዓመቱ ያልቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አልቆልኛል ማለት ነው? የ8 ዓመቱ ልጄስ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አላለቀልሽም። የ7 ዓመቱ ወሬ መነሻ እንግሊዝ አገር በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሪፖርት ነው። ዴቪድ ዋይትብሬድ እና ሱ ቢንግሃም የሚባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ናቸው የጻፉት። እነሱ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ አዋቂነት እየተከተሉ አላጠኑም። ከዚያ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ነው ያዩት። ያሉት ነገር ቢኖር ማቀድ፣ መታገሥ፣ የነገን ዛሬ ማሰብ የመሳሰሉ ልማዶች መሠረታቸው ገና በልጅነት ይጣላል ነው። መሠረቱ የተጣለ ቤት ደግሞ ይታደሳል። ወሬው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «በ7 ዓመት ያልቃል» ሆኖ ቀረ። እኔ ጋ ለምክር የሚመጡ ሰዎች ይቺን ነገር እንደ ፍርድ ወረቀት ይዘዋት ይመጣሉ፣ በእውነት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የጻፍሽውን ሳነብ ሶፋውን አልፌው ዕቁቡ ላይ ነው ቆም ያልኩት። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ገበያው ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም፣ አንድ ሳምንት ሳታጎድዪ ጥለሻል። አባካኝ ሰው እንዲህ አያደርግም። ታዲያ መቆጠብ የምትችል ሴት ብር ለምን አይበረክትላትም? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ዕቁብ ላይ ያለው ብር የሰው ነው፣ አደራ ነው። ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ካልጣልሽ ታፍሪያለሽ። ዕጣው የወጣልሽ ቀን ግን አደራነቱ ያበቃና ብሩ ያንቺ ይሆናል። ደረትሽ የሚጨናነቀው ያን ጊዜ ነው። አየሽ፣ ብር መያዝ ትችያለሽ፤ የከበደሽ የብር ባለቤት መሆን ነው። እና የብር ባለቤት መሆን ምን እንደሚያመጣ የተማርሽበትን ቀን ራስሽ ጽፈሽልኛል።

«9 ዓመቴ ነበር። አባዬ ማታ መጣ፣ በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ ብር አልጋው ላይ ዘረገፈ፣ እማዬ ሮጣ በሩን ቀረቀረች። እንደዚያ ብዙ ብር አይቼ አላውቅም። በዚያው ዓመት መጣላት ጀመሩ፣ መጋዘኑ ተሸጠ፣ አባዬ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ዓመት አልመጣም።»

1993 ዓ.ም ነው የምትዪው። እዚህ ላይ ቆይተን እንይ፣ ምክንያቱም ቁልፉ ያለው እዚህ ነው።

ያ ዘመን ለቡና ሰው ክፉ ነበር። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የየአገሩን የሽያጭ ኮታ እየወሰነ ዋጋውን ደገፍ ያደርገው ነበር። በዚያ ዓመት ኮታው ቀረ። ከዚያ ቬትናም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትልቅ አምራች ሆና መጣች፣ ብራዚልም ምርቷን ጨመረች። በ1997 እ.ኤ.አ. አንድ ፓውንድ ቡና በዓለም ገበያ ከ1 ዶላር በላይ ነበር። በ2001፣ ማለትም ባንቺው 1993 መጨረሻ፣ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገና አልተቋቋመም፣ እሱ የመጣው በ2000 ዓ.ም ነው። ቡና አዲስ አበባ ወይ ድሬዳዋ ሄዶ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ሰብሳቢ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ካንቺ በላይ አላውቅም፤ አብዛኛው የራሱ ካፒታል የለውም። ለቀማ ሲጀመር ከአቅራቢ፣ ማለትም ቡናውን ለጨረታ ከሚያቀርበው ነጋዴ፣ ቀድሞ ብር ይቀበላል፣ ወይ ይበደራል፣ በዚያ ብር ከገበሬው ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እየገዛ ያከማቻል። ፈረሱላውን፣ ያቺን 17 ኪሎ፣ በውድ የገዛ ሰው መሸጫው ላይ ዋጋ ከወረደ ጎተራው በሙሉ ዕዳ ነው።

እና እህቴ፣ አልጋው ላይ የተዘረገፈው ብር የማን ነበር?

እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ አባትሽን አላውቃቸውም። ግን ወሩ የለቀማ ወር ከነበረ፣ ሰውዬው ሰብሳቢ ከነበሩ፣ ከዚያ በፊት ያን ያህል ብር ቤት ገብቶ የማያውቅ ከነበረ፣ ያ ብር ሀብት አልነበረም ብዬ እጠረጥራለሁ። የሰው ብር ነበር። ቡና መግዣ ነበር። የ9 ዓመት ልጅ ዕዳንና ሀብትን አትለይም፣ ሁለቱም ያው ወረቀት ናቸው። ልጅ ደግሞ ከፊት የመጣውን ነገር የኋለኛው ምክንያት ያደርገዋል። ብር መጣ፣ ከዚያ ጠብ መጣ፣ ስለዚህ ጠብን ያመጣው ብር ነው። እናትሽ ያንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰሩልሽ፦ ዱንያ ሲገባ ሰላም ይወጣል። አንቺም 25 ዓመት ሙሉ ሰላምሽ እንዳይወጣ ዱንያን ከቤት ስታስወጪ ኖርሽ። ሞኝነት አይደለም ይሄ። ቤቷ እንዳይፈርስ የምትጠብቅ ልጅ ሥራ ነው። የተሳሳተው የሰማሽው ታሪክ ውስጥ የጎደለ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «የሰው»። ቤታችሁን የፈተነው የሰው ብርና የወደቀ ዋጋ ከሆነ፣ ስለ ራስሽ ብር የሚነግርሽ ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ሌላም ያነሳሽው ነገር አለ፣ ጫማው። በልጅነትሽ «ቡና ሲሸጥ ቀይ ጫማ እገዛልሻለሁ» ተብለሽ የነበረውን ማለቴ ነው። እኛ አገር ሁሉም ነገር «ቡና ሲሸጥ» ነው። ሰርጉም፣ ቆርቆሮውም፣ ደብተሩም። ቡናው ሲሸጥ ከተገዛልሽ መጠበቅ ያዋጣል ብለሽ ታድጊያለሽ። ካልተገዛልሽ ደግሞ ሌላ ትማሪያለሽ።

ይሄን በደንብ ያሳየ ጥናት አለ። ሰሌስት ኪድ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 28 ሕፃናትን አስቀመጠች። ለሁሉም «የተሻለ የሥዕል ቀለም ላመጣልህ ነው፣ ጠብቅ» ይባላል። ለግማሾቹ ይመጣል። ለግማሾቹ ሰውየዋ ባዶ እጇን ተመልሳ «ይቅርታ፣ የለም» ትላለች። ከዚያ ማርሽማሎ የሚባለውን ጣፋጭ ፊታቸው አስቀምጠው «አሁን ካልበላህ 15 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛ ይጨመርልሃል» አሏቸው። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ግድም ታገሡ። ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። እስከ መጨረሻ የጠበቁት ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9ኙ ሲሆኑ ከሁለተኞቹ 14 አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጆቹ በጠባይ አይለያዩም ነበር፣ በዕጣ ነው የተመደቡት። የተለያዩት ከደቂቃዎች በፊት ባዩት ነገር ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን እኔ ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ትዕግሥት የለኝም» ከሚለኝ ሰው ጋር ሳወራ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ያጣው ትዕግሥት ይሁን እምነት እንጃ። ነገ ይመጣል የተባለው መጥቶልህ የማያውቅ ከሆነ ዛሬ እጅህ የገባውን መብላት ልክ ነው፣ ሒሳቡ ይሄን ነው የሚለው።

አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። የአክስቴን ልንገርሽ። በመስከረም 2013 ዓ.ም የብር ኖት ሲቀየር፣ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ ይመለሱ ሲባል፣ ከእሷ ጋር ባንክ ሄድኩ። ብሩን ያወጣችው ከበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በላስቲክ አስራ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በርበሬ አልብሳው። ቆጣሪዋ ልጅ ስታስነጥስ ትዝ ይለኛል፣ የኖቶቹ ጠርዝ ቀልቷል። ባሏ እንኳን አያውቅም ነበር። «ለምን ባንክ አታስገቢም?» ስላት ዝቅ ባለ ድምፅ «ስም ይጠራል» አለችኝ። የአባቷ ሁለት ቤት በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወርሷል። ያኔ ልጅ ነበረች። ሰዎች መጥተው የቤቱን ቁጥር ሲጽፉ፣ አባቷ አጥር ሥር ቆመው ሲያዩ አይታለች። ሀብት ማለት ለእሷ የሚጻፍ፣ የሚጠራ፣ የሚወሰድ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፣ እሷ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ብሩን ከበርበሬው አላወጣችም ነበር። እኛ ልጆቿና የወንድሞቿ ልጆች ደግሞ 1967ን ሳናይ «ቤት ያለውን ነገር ደጅ እንዳታወሩ» እየተባልን አደግን። አየሽ እንዴት እንደሚተላለፍ? ታሪኩ ይቀርና ትእዛዙ ብቻ ይወረሳል።

በሃይማኖት በኩል የሚመጣውም እንዲሁ ቃል ይጎድለዋል። ክርስቲያን ደንበኞቼ «ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው ይላል መጽሐፉ» ይሉኛል። መጽሐፉ «ገንዘብን መውደድ» ነው የሚለው። አንቺ ደግሞ ዱንያ ፊትና ነው ተብለሽ ነው ያደግሽው። ፈተና መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ዘካን እስቲ አስቢው። የብር ዘካ የሚወጣው ከኒሷብ (ዘካ ግዴታ ከሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) ያለፈና አንድ የጨረቃ ዓመት የሞላው ሀብት ላይ ነው፣ 2.5 በመቶ። ብር እጅሽ ላይ ዓመት እንዲቆይ ካልፈቀድሽለት ከብሩ የሚወጣ ዘካም አይኖርሽም! ዝርዝሩን ሼኽሽን ጠይቂ፣ የእኔ ሙያ አይደለም። እኔ ማለት የፈለግሁት በእናትሽ እምነት ውስጥ ራሱ ብር ይዞ ሰላም ላለው ሰው ቦታ አለ ነው።

ስለዚህ ነገር ብዙ የጻፈ ብራድ ክሎንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር 422 ሰዎችን ጠይቆ የገንዘብ እምነቶችን በአራት ከፈላቸው፦ ገንዘብን የሚሸሹ፣ የሚያመልኩ፣ የክብር መለኪያ የሚያደርጉ፣ በጥንቃቄ የሚጠብቁ። አንቺ ከሸሺዎቹ ነሽ፣ አክስቴ ከጠባቂዎቹ። አከፋፈሉ ጠቃሚ ነው፣ ግን የተጠየቁት የአሜሪካ ሰዎች ናቸው። እኛ ጋ ለዘመድ መስጠት መሸሽም ሊሆን ይችላል፣ መድንም ሊሆን ይችላል። የዛሬው ተበዳሪ ነገ ባንቺ ለቅሶ ድንኳን የሚተክል ነው። ስለዚህ መስጠትሽን እንዳለ እንደ በሽታ አልቆጥረውም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ ስትሰጪ የሚሰማሽ ደስታ ነው ወይስ ግልግል?

«ሲያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል» ያልሽው ለዚህ መልስ ይመስለኛል። ግልግል ነው። ችግሩም ያለው እዚያ ነው። ጭንቀት መጣ፣ ብሩን አስወጣሽ፣ ጭንቀቱ ወዲያው ለቀቀሽ። አእምሮሽ «አየሽ፣ ያዳነሽ ማስወጣቱ ነው» ብሎ ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ቶሎ ያስጨንቅሻል። ብሩን ይዘሽ ብትቆዪ ጭንቀቱ ምን ይሆን እንደነበር የማየት ዕድል አግኝተሽ አታውቂም። ጭንቀት ደግሞ ካልሸሹት ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። ይሄን በሌላ ፍርሃትም፣ በከፍታም በውሻም፣ ደጋግመን አይተነዋል።

እና እንዲህ አድርጊ። ዘንድሮ ዕቁብ ሲደርስሽ ሁሉንም ልያዝ አትበይ፣ አትችይም። ጣሪያሽ 40 ሺህ ነው ብለሻል። 45 ሺህ ያዢ። አምስት ሺህ ብቻ ከጣሪያው በላይ። የቀረውን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ልብሽ ረጋ ባለበት ቀን፣ በወረቀት መድቢው፤ ይሄ ለዕቃ፣ ይሄ ለትምህርት ቤት፣ ይሄ ለቤተሰብ የምሰጠው። የምሰጠው የሚለውን አትሰርዢው፣ መጠኑን ግን ቀድመሽ ወስኚ። ከዚያ 45 ሺውን ለአንድ ወር አትንኪ። ደረትሽ ሲጨናነቅ ስልክሽ ላይ ቀኑንና ጭንቀቱ ከ10 ስንት እንደሆነ ጻፊ። ሌላ ምንም አታድርጊ። ብድር የሚጠይቅ ዘመድ ከመጣ «እሺ» ወይም «የለኝም» አትበይ፣ «ሦስት ቀን ስጠኝ» በይ። የለኝም ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ጥፋተኝነቱን ይጨምርብሻል። ወሩ ሲያልቅ ቁጥሮቹን ተመልከቺ። ከወረዱ ወደ 55 ሺህ ሂጂ። ካልወረዱ እዚያው ቆዪ፣ ማንም አያስቸኩልሽም።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ብር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ዋጋው ይቀንሳል የሚለው ስጋትሽ የልጅነት ቁስል አይደለም፣ እውነት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፣ አንቺ በልብስ ጅምላው ላይ አይተሽዋል። ስለዚህ ሁሉንም ጥሬ ብር አድርገሽ ያዢ አልልሽም። ለዒድና ለትምህርት መክፈቻ የሚወጣ ልብስ ቀድመሽ መግዛት ሙያሽ ነው፣ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሀብትን ከጥሬ ብር ወደ ዕቃ ማዞርና ሀብትን ከራስ ማሸሽ ግን ይለያያሉ። ሶፋው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም።

ወር ሙሉ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ የስፖርት ውርርድ ዓይነት ነገር ብሩን የሚበላው ካለ፣ ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ማየት አለብሽ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እዚያ የሚሄደው ጨርቁን የጣለ ብቻ ነው የሚሉሽን አትስሚ።

ስለ ልጅሽ። «ማታ ማታ ብራችን አልቋል እንዴ እያለ ይጠይቀኛል» ብለሻል። ስታወሪ እየሰማ ነው፣ ወይም ፊትሽን እያነበበ ነው። «ዝም በል፣ ይሄ የትልቅ ሰው ነገር ነው» አትበዪው፣ አክስቴን ያሳደጋት ይሄ ነው። ሙሉውን ሒሳብም አትክመሪበት። እውነቱን በልኩ ንገሪው፦ «ለምግብና ለትምህርት አለን፣ ለብስክሌት ገና አልመደብንም»። ሱቅ ይዘሽው ስትሄጂ የዕቃ መግዣውን ብርና የትርፉን ብር ለይተሽ አሳዪው፣ በሁለት ፖስታ። ይሄኛው የጅምላ ነጋዴው ነው፣ ይሄኛው የእኛ ነው በይው። 9 ዓመትሽ ላይ ማንም ያላሳየሽ ነገር ይሄ ነበር። ቃል ከገባሽለት ደግሞ ትንሽ ነገር ቃል ግቢና በቀኑ ስጪው። ማስቲካም ይሁን። ማክሰኞ ካልሽ ማክሰኞ።

የቀረው እናትሽ ናቸው። አጋሮ ስትሄጂ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ ጠይቂያቸው። «ለምን እንደዚያ ብለሽ አሳደግሽኝ» ብለሽ እንዳትጀምሪ፣ ይከፋቸዋል፤ እሳቸውም ባወቁት ልክ ሊጠብቁሽ ነው የሞከሩት። እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ ያኔ አባዬ አልጋው ላይ የዘረገፈው ብር የማን ነበር?» ከዚያ ዝም በይ። ቶሎ አይመልሱ ይሆናል። የመለሱልሽን ግን በቃላቸው እንዳለ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ቀጥለን እናወራለን።